የጋራ ቢሲ ግዢ፦ የዕቅድ ውይይት

ጸሐፊው

ውድ የጠላቂዎች ማኅበራችን አባላት፣ ሰላም ለሁላችሁ። በስብሰባው እንደተስማማነው፣ የጋራ ቢሲ ለመግዛት ለጠቅላላ ጉባኤው የሚቀርበውን ዕቅድ እዚህ አብረን እንጻፈው። ለአዲሶቹ አባላት፦ ቢሲ የምንለው ስንጠልቅ የምንተነፍስበትን የአየር ታንክ ጀርባችን ላይ የሚይዘውን፣ አየር እየሞላንና እያስወጣን ውሃ ውስጥ ከፍታችንን የምንቆጣጠርበትን ጃኬት ነው።

እስካሁን በኪራይ ነው የኖርነው። ገንዳ ላይ አንድ ዓይነት ይሰጠናል፤ ቨርጂኒያ ወዳለው የድሮ የድንጋይ ማውጫ ሐይቅ ስንወርድ ሌላ ዓይነት። አዲስ ሠልጣኝ አየር ማስወጫው የት እንዳለ ሲፈልግ ትምህርቱ ያልቃል። በሰመር ደግሞ ፍሎሪዳ ወዳለው ኪ ላርጎ፣ ወደ ባሕሩ፣ የመሄድ ሐሳብ አለን።

ለመነሻ ያህል፦ 6 አንድ ዓይነት ጃኬት ቢሲ፣ ሁሉም ላርጅ። ብዙ ስንገዛ ቅናሽ እንጠይቃለን። አስተያየታችሁን አምጡ። የተስማማንበትን ረቂቁ ውስጥ አስገባለሁ።

ነርሷ አባላችን

ጸሐፊያችን፣ ስለ ድካምህ እግዜር ይስጥልን። ግን "ሁሉም ላርጅ" የሚለው መውጣት አለበት። ብዙዎቹ ሠልጣኞቻችን ሴቶች ነን። ላርጅ ስለብስ፣ አየር በሞላሁት ቁጥር ጃኬቱ ወደ ላይ ይወጣል፤ እኔ እዚያው እቀራለሁ። አንገትጌው አገጬ ሥር ይገባል። ታንኩም ወደ ጎን ይጥለኛል። ይህን እያስተካከለ ያለ ጀማሪ ትምህርቱን እንዴት ይከታተላል?

አንዳንድ ሰው "ሲሰፋ ይመቻል" ይላል። ለሹራብ ይሆናል። ለቢሲ ግን አይሆንም። እባካችሁ መጠኑ በሰው ልክ ይሁን፤ ትናንሾቹም ይግቡበት።

የሥልጠና ኃላፊው

እህታችን ያለችው ትክክል ነው። ሰው ቢሲ ሲመርጥ መጀመሪያ የሚጠይቀው "ስንት ፓውንድ ያነሣል?" ብሎ ነው። እኔ ልኩን አስቀድማለሁ። የማንሣት አቅሙን በሒሳብ ጨርሰን ወደ ዋናው ጉዳይ እንመለስ።

ሐይቁ ውስጥ 7 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ዌትሱት፣ ማለትም ከብርድ የሚከላከል የጎማ የመጥለቂያ ልብስ፣ ነው የምንለብሰው። ላይ ላዩ በሰመር ቢሞቅም ታች ስንወርድ ይቀዘቅዛል። የዌትሱቱ ጎማ ጥቃቅን የጋዝ አረፋዎች አሉበት። የሚያሞቁንም የሚያንሳፍፉንም እነሱ ናቸው። በጨው አልባ ውሃ ወደ 34 ጫማ ስንወርድ ግፊቱ ከላይ ካለው እጥፍ ይሆናል፤ አረፋዎቹም ይጨመቃሉ። ላይ ሳለን 20 ፓውንድ የሚያንሳፍፈን ልብስ ታች ከዚያ ብዙውን ያጣል። ቢሲው መተካት ያለበት ይህን ነው። በዚህ ላይ የታንኩ አየር አለ። የተለመደው ታንክ፣ አልሙኒየም 80 የሚባለው፣ ሲሞላ አየሩ ብቻ ወደ 6 ፓውንድ ይመዝናል። ልብሱ 20ውን በሙሉ አጣ ብንል እንኳ ድምሩ 26 ነው። ስለዚህ ለአንድ ታንክ 30 ፓውንድ የሚያነሣ ይበቃናል።

"50 የሚያነሣ ይሻላል፣ ለክፉ ቀን" የሚል አይጠፋም። ትልቅ ከረጢት ውሃ ውስጥ ይጎትታል። አየሩም ወዲያ ወዲህ እየሄደ ሚዛን ያሳጣል። 30 አልበቃኝም የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ ለመስመጥ የታጠቀው የእርሳስ ክብደት በዝቶበት ነው። መፍትሔው እርሳሱን መቀነስ ነው።

አሁን ወደ ዓይነቱ። ጃኬት የሚባለው አየሩ በጎንና በጎን ዙሪያችንን ይሞላል። ላይ ስንንሳፈፍ ቀጥ አድርጎ ይይዘናል፤ ለጀማሪ ደስ ይላል። ነገር ግን ሲሞላ ደረትና ጎን ይጫናል። ዊንግ ላይ ደግሞ አየሩ ከጀርባ ብቻ ነው። ሰውነታችን በአግድም ይተኛል። ይህ ለሐይቁ ትልቅ ጉዳይ ነው። እግሩን ቁልቁል አንጠልጥሎ የሚዋኝ ሰው ከታች ያለውን ደለል ይቀሰቅሳል። ከኋላው ያሉት ሁሉ ምንም አያዩም።

እኔ የምደግፈው ባክፕሌት ያለውን ዊንግ ነው። ጀርባ ላይ የብረት ሳህን አለ። ማንገቻው በሳህኑ ውስጥ ያልፋል፤ በሰው ልክ ይጠብቃል፣ ይላላል። ያው አንዱ ለአጭርም ለረጅምም ይሆናል። አብዛኞቹ የስቲል ሳህኖች 5 ወይም 6 ፓውንድ ይመዝናሉ። ያን ያህል እርሳስ ከወገባችን ላይ ይነሣል።

ጋሼ (መሥራች አባል)

ልጆቼ፣ ስትወያዩ ማየት ደስ ይላል። እኔ የወገብ ሕመም አለብኝ። ዊንጉን አንድ ጊዜ ሞክሬዋለሁ። ላይ ሆኜ ጀልባ ስጠብቅ ፊቴን ወደ ውሃው ገፋው። ጃኬቱ ግን ቀጥ አድርጎ ይይዘኛል፤ አርፍበታለሁ። ለእንደኔ ዓይነቱ ጥቂት ጃኬት ይቅር።

ሌላው ኪ ላርጎ ነው። በ1965 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆቹ እዚያ ባሕር ውስጥ የቆመውን የክርስቶስ የነሐስ ሐውልት ለማየት ብዙ ጓጉቻለሁ። ጣሊያን ሳን ፍሩቱኦዞ አጠገብ በ1954 ከቆመው ሐውልት ቅርጽ የተወሰደ ነው። ከ25 ጫማ ብዙ የማይርቅ ጥልቀት ላይ ነው ያለው። ስለዚህ እኔም እደርስበታለሁ። የምንገዛው ዕቃ ለዚያ ጉዞም ይሁን።

የሥልጠና ኃላፊው

ጋሼ፣ ልክ ነዎት። ዊንግ ከልክ በላይ ሲሞላና እርሳሱ በሙሉ ከፊት ሲሆን ወደ ፊት ይደፋል። ከእርሳሱ የተወሰነውን ታንኩ ማሰሪያ ላይ ብናደርገው ይሻሻላል። አየሩንም ራስዎን ከውሃ በላይ እስኪይዝ ብቻ መሙላት ነው። ያም ሆኖ ለእርስዎ ጃኬት ይሻላል፤ እኔም እደግፋለሁ።

አንድ ነገር ሁላችንም እንያዝ። ቢሲ የነፍስ አድን ጃኬት አይደለም። ጃኬትም ይሁን ዊንግ፣ ራሱን የሳተ ሰው ፊቱ ከውሃ በላይ እንደሚሆን ዋስትና አይሰጥም። ጓደኛችንን መያዝ የእኛ ሥራ ነው።

ነርሷ አባላችን

እሱን ካነሣህ ልጠይቅ። ራሱን የሳተ ሰው ጀልባ ላይ ለማውጣት ቢሲውን ማውለቅ አለብን። አንዱ ወጥ ማንገቻ ያለው ባክፕሌት ትከሻ ላይ መፍቻ የለውም። መቀስ ፈልገን እስክንቆርጥ ደቂቃ ይሄዳል። ትንፋሽ ለሌለው ሰው ደቂቃ ብዙ ነው።

የሥልጠና ኃላፊው

ጥሩ አነሣሽው። ትከሻ ላይ ፈጣን መፍቻ ያለው ማንገቻ እንግዛ። የሚስተካከለውም በቀላሉ ነው፤ ሠልጣኝ በተቀያየረ ቁጥር ወጡን ማንገቻ እየፈታን አንቸገርም። በእግር መካከል የሚያልፈው ማሰሪያም ይኑር። ቢሲው ወደ አገጭ እንዳይወጣ የሚያደርገው እሱ ነው።

ገንዘብ ያዧ

እኔ ደግሞ ስለ ብሩ። ሱቆች ስጠይቅ ደህና የሚባለው ጃኬት ከ400 እስከ 900 ዶላር ነው። ባክፕሌት፣ ዊንግና ማንገቻ አንድ ላይ በዚያው መካከል ይውላል። በአንዱ 700 ጣሪያ ብናደርግ 6ቱ ከ4,200 አይበልጡም። ለሐዘንና ለችግር ያስቀመጥነው ገንዘብ አይነካ። ግማሹን ከሥልጠናው ሒሳብ፣ ግማሹን በዕቁብ መልክ በየወሩ ብናዋጣ ይከብዳል ብዬ አላስብም። ያገለገለ ብንገዛስ? ብዙ ይቀንስልናል።

የሥልጠና ኃላፊው

ያገለገለ ይቻላል፤ ግን ሳይታይ አይገዛ። ማስወጫው ከልክ ያለፈውን አየር ራሱ እስኪያስወጣ ድረስ ይሞላና ሌሊቱን ይደር። ጠዋት ላይ ከላላ ይቅር። ኢንፍሌተሩ፣ ማለትም አየር የምንሞላበትና የምናስወጣበት ባለ ቁልፍ እጀታ፣ ሁለቱም ቁልፍ ሲጫን ወዲያው ይመለስ። የሚጣበቅ ቁልፍ አደገኛ ነው፤ አየር ሳያቋርጥ ቢሞላ ሰውየው ሳይፈልግ ወደ ላይ ይተኮሳል። እንደዚያ ሲሆን አየር የሚያመጣውን ቱቦ መንቀል፣ ቢሲውን ማራገፍ ነው። ይህን በየሥልጠናው እናለማምዳለን። ለዚህም ነው የሁሉም ኢንፍሌተርና የቱቦ ማገናኛ አንድ ዓይነት ይሁን የምለው። ጨለማ ውስጥ እጅ ራሱ ያውቀዋል።

ወጣቱ አባል

ይቅርታ፣ አዲስ ስለሆንኩ ነው። ገንዳ ላይ የለመድነው እርሳስ ኪ ላርጎም ያው ነው?

የሥልጠና ኃላፊው

አይደለም፣ ወንድሜ። የባሕር ውሃ ከጨው አልባው በመቶ 2.5 ያህል ይከብዳል። አንተና ዕቃህ አንድ ላይ 200 ፓውንድ ከሆናችሁ ወደ 5 ፓውንድ ተጨማሪ ያስፈልጋል። ዌትሱቱ ሲሳሳ ደግሞ ይቀንሳል። በደንብ የምናውቀው እዚያ ስንደርስ ውሃው ላይ ሞክረን ነው። የሙከራው መንገድ፦ ቢሲው ባዶ፣ የታንኩ ግፊት ወደ 500 ፒኤስአይ የወረደ፣ ትንፋሽ ተይዞ ውሃው ዓይን ላይ ይድረስ። ትንፋሽ ሲወጣ ቀስ ብሎ መስመጥ ነው። ታንኩ ሙሉ ሆኖ ከሞከርክ የ6ቱን ፓውንድ አየር አስብ፤ መጨረሻ ላይ ቀልለህ ውሃው ወደ ላይ እንዳይተፋህ።

ገንዘብ ያዧ

ዕቃውን ማን ይጠብቀዋል? በጋራ የተገዛ ነገር ባለቤት ካጣ በአንድ ዓመት ያልቃል።

ነርሷ አባላችን

እኔ እይዘዋለሁ፤ አንድ ሰው ይርዳኝ። ከገንዳው ክሎሪን በኋላም ከባሕር በኋላም ውስጡም ውጪውም በንጹሕ ውሃ ይታጠባል። ውሃ በኢንፍሌተሩ ገብቶ ይናወጥና በታችኛው ማስወጫ ይፈሳል። ጨው ውስጡ ከደረቀ ቫልቩን ያበላሻል። ሲሰቀል በግማሽ አየር፣ ከፀሐይ ርቆ። በዓመት አንድ ጊዜ ባለሙያ ይየው።

ጸሐፊው

እናመሰግናለን። ከዚህ ሁሉ ያወጣሁት ረቂቅ ይኸው። የሚጎድል ካለ ንገሩኝ።

"ማኅበሩ 6 ቢሲ ይግዛ። 4ቱ 30 ፓውንድ አካባቢ የሚያነሡ ዊንጎች ይሁኑ፤ የስቲል ባክፕሌት፣ የሚስተካከል ማንገቻ፣ የትከሻ ፈጣን መፍቻና የእግር መካከል ማሰሪያ ይኑራቸው። 2ቱ ጃኬት ይሁኑ፤ አንዱ ስሞል፣ አንዱ ለጋሼ ልክ የሚሆን። የሁሉም ኢንፍሌተርና ማገናኛ አንድ ዓይነት ይሁን። ያገለገለ የሚገዛው በሥልጠና ኃላፊው ታይቶ፣ ሌሊት ተሞልቶ አድሮ ብቻ ነው። ለአንዱ ከ700 ዶላር አይበልጥ። ግማሹ ከሥልጠና ሒሳብ፣ ግማሹ በወርሃዊ መዋጮ ይሸፈን፤ የችግር ጊዜ ገንዘብ አይነካ። እጥበቱና ዓመታዊ ምርመራው በተመደቡ ሁለት አባላት ይያዝ።"

ጋሼ

እኔ ተስማምቻለሁ። አንድ ቃል ብቻ ልጨምር፦ "ከመግዛታችን በፊት እያንዳንዱ ሠልጣኝ ዌትሱቱን ለብሶ ይሞክር።" ልብሱ ሳይደረብ የተለካ ቢሲ ኋላ ይጠባል።

ጸሐፊው

ገብቷል፣ ጋሼ። እስከ እሑድ ማታ ድምፅ ስጡ፤ ሰኞ ለጉባኤው አቀርበዋለሁ።

ወጣቱ አባል

እደግፋለሁ። ለእጥበቱም ረዳቷ እኔ ልሁን። እሑድ ከሥልጠናው በፊት ገንዳው ጋ ሜትር ይዤ እገኛለሁ፤ የሁሉንም ደረትና ከትከሻ እስከ ወገብ ያለውን ለክቼ እጽፋለሁ። ዌትሱታችሁን ይዛችሁ ኑ።