ጅማ፦ ዳታ ሳይቃጠል ቤት ውስጥ በዋይፋይ ሙዚቃ ማጫወት፣ ድምፁም ሳይበላሽ

ቆጪ_ማታ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሳሎንም መኝታ ቤትም ሙዚቃ ከአንድ ቦታ እንዲደርስ እፈልጋለሁ። ያለኝ ዕቃ፦ ባትሪው ገና የሚሠራ አሮጌ ላፕቶፕ፣ ስክሪኑ የተሰነጠቀ አንድሮይድ ስልክ፣ ተራ ራውተር፣ ከድሮ ዴክ የተረፉ ጥንድ ስፒከሮች (ጀርባቸው ላይ 6 ኦም ይላል)፣ ሃርድ ዲስክ ላይ ደግሞ 5,000 ያህል ዘፈን። የብሉቱዝ ስፒከር ቤዙን ብቻ እየደበደበ ሰልችቶኛል። ቤቱ ብሎኬት፣ ወለሉ ሲሚንቶ ነው። መብራት ይጠፋል፤ የዳታ ጥቅልም ለዚህ ማውጣት አልፈልግም። ምን ልግዛ፣ ምንስ ልተው?

ሽቦ_አይዋሽም፦
የዳታውን ነገር እርሳው። ዋይፋይና ኢንተርኔት አንድ አይደሉም። ራውተሩ ኃይል እስካገኘ ድረስ ጥቅሉ ቢያልቅም መስመሩ ቢቋረጥም ቤት ውስጥ ያሉትን ዕቃዎች እርስ በርስ ያገናኛል። ሂሳቡን እየው፦ በኢንተርኔት በ320 ኪሎቢት ስትሰማ በሰዓት 144 ሜጋባይት ይሄዳል፤ በሲዲ ጥራት በፍላክ (ድምፁ ሳይቀነስ የሚቀመጥበት የፋይል ዓይነት) ከሆነ 400 ሜጋባይት ገደማ። ያው ፍላክ ከራስህ ሃርድ ዲስክ ሲመጣ ከጥቅልህ ምንም አይነካም።

ላፕቶፑን ሰርቨር፣ ማለትም ሙዚቃውን ለሌሎቹ ዕቃዎች የሚያድል፣ አድርገው። መብራት ሲጠፋ በራሱ ባትሪ ይቀጥላል፤ ሃርድ ዲስኩም እየጻፈ በድንገት አይቋረጥም። ሊሪዮን ሚውዚክ ሰርቨር የሚባለውን ጫንበት፤ የድሮው ሎጂቴክ ሚዲያ ሰርቨር ነው፣ ነፃ ነው። የሙዚቃ ፎልደሩን አሳየውና ስካን እስኪጨርስ ተወው። ከዚያ በማንኛውም ስልክ ብራውዘር ላይ የላፕቶፑን የኔትወርክ አድራሻ (አይፒ) ጽፈህ መጨረሻው ላይ :9000 ስትጨምር ዘፈኖችህ ይከፈታሉ።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሰናከልባቸው ሦስት ነገሮች አሉ። ዊንዶውስ የቤትህን ዋይፋይ “ፐብሊክ” ብሎ ይዞት ከሆነ ፋየርዎሉ ስልኩን አያስገባም፤ ወደ “ፕራይቬት” ቀይረው። ሁለተኛ፣ ራውተሩ ለላፕቶፑ ሁሌ ያንኑ አድራሻ እንዲሰጠው ራውተሩ ቅንብር ውስጥ አስይዘው፤ አለበለዚያ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር አድራሻ ፍለጋ ነው። ሦስተኛ፣ ክዳኑ ሲዘጋ እንዳይተኛ ከፓወር ቅንብሩ አጥፋው።

ፊደሉ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። “ጥላሁን ገሠሠ” እና “ጥላሁን ገሰሰ” ለሰርቨሩ ሁለት የተለያዩ ዘፋኞች ናቸው። “ዓሊ ቢራ” እና “አሊ ቢራ”ም እንደዚያው፤ አንዱ ፋይል በቁቤ ከተጻፈ ሦስተኛ ዘፋኝ ይወለዳል። ኤምፒስሪታግ በሚባለው ፕሮግራም ሁሉንም መርጠህ ስሙን በአንድ ጊዜ አስተካክል። ስሙ የጥያቄ ምልክት ብቻ ሆኖ ከመጣ ብዙውን ጊዜ ፋይሉ ላይ ያለው ታግ (የዘፋኙና የዘፈኑ ስም የሚጻፍበት መለያ) የድሮው አይዲስሪ ቨርዥን 1 ነው፤ እሱ ግዕዝ መያዝ አይችልም። ስሙን እንደገና ጽፈህ በቨርዥን 2.3 ሴቭ አድርገው።

ዴክ_ጠጋኝ፦
የሚገዛው ሁለት ነገር ነው፦ አምፕ (ድምፁን አጉልቶ ስፒከሩን የሚነዳው) እና ዳክ (ዲጂታሉን ፋይል ወደ ድምፅ ምልክት የሚቀይረው)። ስፒከሮቹን አትቀይር፤ 6 ኦም ጥሩ ነው። ግን መጀመሪያ መሸፈኛቸውን አንሳና በወረቀቱ ዙሪያ ያለውን ስፖንጅ በጣትህ ንካው። የእኛ አገር እርጥበት ስፖንጅ ይበላል። የሚፈረካከስ ከሆነ ቤዙ ይንቀጠቀጣል፤ ጠርዙ መቀየር አለበት። ጎማ ወይም ጨርቅ ከሆነ ግድ የለም።

አምፑ ቲፒኤ3116 ቺፕ ያለበት ትንሽ ቦርድ ይሁን፣ ባለ ሁለት ቻናል፣ ብሉቱዝ የሌለው። ብሉቱዝ ያለው ብዙውን ጊዜ ዝም ባለበት ሰዓት ከጀርባ ሲያፏጭ ይሰማል። ቺፑ እስከ 26 ቮልት ስለሚችል አዲስ ፓወር ሰፕላይ አትግዛ፤ ሄርማታ ገበያ ላይ ያገለገለ 19 ቮልት 3.42 አምፔር የላፕቶፕ ቻርጀር ፈልግ። በ6 ኦም ስፒከር በአንድ ጎን ወደ 30 ዋት ያወጣል፤ ለሳሎን ይተርፋል። ጫፉን ቆርጠህ ከማሰርህ በፊት ፖዘቲቩንና ኔጋቲቩን በቴስተር ለይ፤ ቦርዱ ከተገለበጠበት ይቃጠላል። መብራት ሲጠፋ ያው ቦርድ በ12 ቮልት የሶላር ባትሪም ይሠራል፣ ኃይሉ ወደ 10 ዋት ይወርዳል እንጂ። ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ 5 አምፔር ፊውዝ አስገባ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በዚህ አምፕ የግራና የቀኝ ስፒከር ኔጋቲቮች በፍጹም አይገናኙ፣ ከግራውንድም ጋር አይነካኩ። በድሮ ዴክና በመኪና ቴፕ የለመደ ሰው ሦስት ሽቦ ብቻ ይስብና ቦርዱን ያጨሰዋል። ለሁለት ስፒከር አራት ሽቦ።

ለዳክ ከላፕቶፑ ዩኤስቢ ወደ 3.5 ጃክ የምትቀይረው አጭር ገመድ ትበቃለች። “7.1” ተብሎ የተጻፈበትን ፕላስቲክ እለፈው። የላፕቶፑ የራሱ ጃክ ማውሱ በተነቃነቀ ቁጥር የሚንጫጫ ከሆነ ይቺ ታድንሃለች። ላፕቶፑ ላይ ስኩዊዝላይት ኤክስ የሚባለውን ማጫወቻ ጫንና ማውጫውን ዳኩ ላይ አድርገው፤ ሰርቨሩም ማጫወቻውም ያው ላፕቶፕ ሆነ ማለት ነው። የፕሮግራሙንና የዊንዶውሱን ድምፅ እስከ ጫፍ ከፍተህ በአምፑ ቁልፍ ቀንስ። ተቃራኒውን ካደረግህ የአምፑን ሹክሹክታ ነው የምታጎላው።

አጂፕ_ሰፈር፦
አቦ፣ ከዕቃው በፊት ፋይሉን እዩ እንጂ! በፍላሽ ተሞልቶ የሚሸጠው “320” አብዛኛው ከዩቲዩብ የወረደና በኋላ የተነፋ ነው። የድምፁን ቅጥነትና ውፍረት በቀለም በሚያሳየው ስፔክ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ክፈተው፤ ቀለሙ 16 ኪሎኸርዝ ላይ እንደ ተቆረጠ ሣር ቀጥ ብሎ ካለቀ ምንጩ 128 አካባቢ ነበር። ወደ ፍላክ መቀየር ቦታ ከመብላት ውጪ ምንም አይመልስም። ሲዲው ካለ ከሲዲው ቅዳ። ካሴት ከሆነ ግን አይገርምህ፣ ካሴቱ ራሱ ከዚያ በላይ ብዙም የለውም።

ቆጪ_ማታ፦
ሁሉንም በተባለው መሠረት ገጣጠምኩ፣ ይሠራል። ሁለት ችግር ቀረ። አንደኛ፣ ዝም ሲል እዝዝ የሚል ድምፅ አለ። ሁለተኛ፣ ሁለቱም ስፒከር ይጮኻል፣ ግን ዘፋኙ ከጎረቤት ቤት የሚዘፍን ይመስላል፣ ቤዝም የለም።

ዴክ_ጠጋኝ፦
ሁለተኛው ቀላል ነው፦ አንዱ ስፒከር ተገልብጦ ታስሯል። አንዱ ወረቀት ሲገፋ ሌላው ስለሚስብ ቤዙ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። በቀለም አትመን፣ የድሮ ስፒከር ውስጡ ተነካክቶ ሊሆን ይችላል። ሽቦዎቹን ከአምፑ ንቀልና የሪሞት ባትሪ ድንጋይ፣ 1.5 ቮልቱን፣ ለቅጽበት ብቻ አስነካቸው። ወረቀቱ ወደ ውጭ ከዘለለ የድንጋዩ ፖዘቲቭ የነካው ሽቦ ፖዘቲቭ ነው። ሁለቱንም እንዲህ ፈትሽና ምልክት አድርግባቸው።

ለእዝዝታው የላፕቶፑን ቻርጀር ነቅለህ በባትሪ አጫውት። ከጠፋ የግራውንድ ዙር (ግራውንድ ሉፕ) ነው፤ ሁለቱ ዕቃዎች በግራውንዳቸው በኩል የሚያመጡት ጩኸት። ላፕቶፑንና አምፑን አንድ ዲቫይደር ላይ ሰካ፤ ካልበቃ በዳኩና በአምፑ መካከል የግራውንድ ሉፕ አይሶሌተር ይገባል፣ ትንሽ ቤዝ ይቀንሳል እንጂ ይገላግላል። የቻርጀሩን የግራውንድ እግር መቁረጥ ግን የለም፤ የላፕቶፑ ብረት እጅ እንዲይዝ ማድረግ ነው።

አቀማመጡንም እይ። ስፒከሮቹን ከግድግዳ 30 ሴንቲሜትር ያህል አርቃቸው፤ ትንሿ ስፒከር በተቀመጠ ሰው ጆሮ ቁመት ትሁን፣ አንድ ሜትር ገደማ። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀትና ከእነሱ እስከ አንተ ያለው ርቀት ይቀራረብ። ብሎኬትና ሲሚንቶ ድምፅ ያስተጋባል፤ አጨብጭብ፣ ጭብጨባው ከተንጫረረ ከፊት ለፊትህ ምንጣፍ፣ ከጀርባህ ወፍራም መጋረጃ ያስፈልጋል። ይህ ከየትኛውም ዳክ የበለጠ ለውጥ ያመጣል።

ሽቦ_አይዋሽም፦
ለመኝታ ቤቱ የተሰነጠቀው ስልክ ይበቃል። ቪኤልሲ የሚባለውን ማጫወቻ ጫንበት፤ ከአካባቢ ኔትወርክ ዝርዝሩ ውስጥ ሊሪዮን ራሱ ይመጣል። ከስልኩ ጃክ በገመድ ወደ ትንሽ ስፒከር አውጣው። ሌት ተቀን ቻርጅ ላይ አትተወው፣ ባትሪው ያብጣል።

ሁለቱም ክፍል እኩል አንድ ዘፈን እንዲጫወት ከፈለግህ ግን ስልኩ በቪኤልሲ አያደርገውም። ያኔ የሚሻለው ራስበሪ ፓይ ዜሮ 2 ደብሊው (ትንሽዬ ባለ አንድ ቦርድ ኮምፒውተር) ከፒሲኤም5102 ዳክ ቦርድ ጋር ነው፣ ላዩ ላይ ፒኮርፕሌየር የሚባለው የማጫወቻ ሲስተም። ፒኮርፕሌየር የሚሠራው ከራም ስለሆነ መብራት ድንገት ቢጠፋ ሚሞሪ ካርዱ አይበላሽም፤ ለእኛ ከሌሎቹ የሚመረጠው ለዚህ ነው። ቅንብር ስትቀይር ሴቭ አድርግ፣ አለበለዚያ ሲነሳ ሁሉን ረስቶ ነው የሚነሳው። ማሰሪያው፦ የዳኩ ቢሲኬ ከፓዩ 12ኛ ፒን፣ ኤልሲኬ ከ35ኛ፣ ዲን ከ40ኛ፣ ቪን ከ2ኛ፣ ግራውንድ ከ6ኛ። የዳኩን ኤስሲኬ ከግራውንድ ጋር በይደው። ሁሉ ነገር ልክ ሆኖ ድምፅ ከሌለ ከቦርዱ ጀርባ ያሉትን አራት መገጣጠሚያዎች እይ፤ 3ኛው ወደ ኤች፣ የቀሩት ወደ ኤል መበየድ አለባቸው።

ራውተሩ እንዳይጠፋ ሚኒ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያስቀጥል ትንሽ ዕቃ) ጨምር፤ ከመግዛትህ በፊት ግን የራውተሩ ቻርጀር 9 ይሁን 12 ቮልት ጀርባውን አንብብ።

ቆጪ_ማታ፦
የግራው ተገልብጦ ነበር። እዝዝታውም አንድ ዲቫይደር ላይ ሲሆኑ ጠፋ። አሁን ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ ብቻ ነው የማይሰማው።

ዴክ_ጠጋኝ፦
ለእሱ ኮርኒስ ነው መድኃኒቱ። ችፑዱን ከቆርቆሮው አርቀህ አሠራ፣ በመካከላቸው ክፍተት ይኑር።