ሦስት ውሻ አንድ ጊቢ ውስጥ፣ እየተላፉ ይሁን እየተጣሉ እንዴት ነው የምትለዩት?

የኮተቤዋ፦
እንዴት ናችሁ ውሻ ወዳዶች። ከእናቴና ከወንድሜ ጋር ኮተቤ ነው የምኖረው፣ ጊቢው ሰፋ ስለሚል ሦስት ውሾች አሉን። ጃክ የጀርመን ክልስ ነው፣ ሰውነቱ ትልቅ ጭንቅላቱ ግን ገና ቡችላ፣ ጫማ ካየ አለቀ፣ አይበላውም እኮ፣ አፉ ውስጥ ይዞ ጊቢውን እየዞረ "ኑ አባሩኝ" ነው የሚለው። ቡቺ ነጭ ትንሽዬ ጸጉራም ናት፣ የጃክ ጉልበት ላይ አትደርስም ግን የጊቢው አለቃ እሷ ናት። አንበሴ የሀበሻ ውሻ ነው፣ ወንድሜ ከመንገድ ያመጣው፣ ቀን ቀን ውሃ ታንከሩ ሥር ተኝቶ መጪ ሂያጁን ያያል፣ ሲመሻሽ ግን ምን እንደነካው እንጃ ይሮጣል ይዘላል ገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ ሁሉ ይጎትታል።

ጥያቄዬ ምን መሰላችሁ፣ ጃክና አንበሴ መላፋት ሲጀምሩ ድምፁ ራሱ ያስፈራል፣ ጥርስ ይታያል፣ ማጅራት ይያያዛሉ፣ እናቴ "ሊበላሉ ነው!" ብላ መጥረጊያ ይዛ ትወጣለች፣ ቡቺ ደሞ መሃል ገብታ የጃክን ጆሮ በጥርሷ ይዛ ወደ ኋላ ትጎትተዋለች፣ ትንሽ ቆይታችሁ ብታዩ ሦስቱም ተደራርበው ተኝተዋል። ሰሞኑን ግን የእውነት ተጣሉ፣ አጥንት ላይ፣ የአንበሴ ጆሮ ተቀደደ። እናቴ አንዱን ለሰው ስጡ እያለች ነው። እንዴት ነው የምትለዩት? ደሞ ሦስቱን በአንድ ዓይነት አያያዝ ማሳደግ ይቻላል ወይስ ጠባያቸውን እያዩ ነው?

የሱሉልታው፦
ኧረ ማንንም አትስጪ እህቴ። እኔ ጋ አምስት አሉ። ጨዋታ ከሆነ ተራ ይቀያየራሉ፣ አሁን ያባረረው ትንሽ ቆይቶ ይባረራል፣ ከላይ የነበረው ራሱን መሬት ላይ ጥሎ ሆዱን ይሰጣል። በተለይ ትልቁ ለትንሿ ሲተኛላት ካየሽ እሱ ጨዋታ ነው አትጠራጠሪ። ደሞ ከመጀመራቸው በፊት የፊት እግር ዘርግቶ ደረት መሬት አስነክቶ ቂጥ ወደ ላይ የሚያደርጉት ነገር አለ አይደል፣ እሱ "ልጫወት ነው፣ እንዳትቀየም" ማለት ነው። ጠብ ሲሆን ግን ዝም ይላሉ። የሚያስፈራው ጩኸቱ ሳይሆን ዝምታው ነው፣ ሰውነታቸው ድርቅ ይላል፣ አፍ ይዘጋል፣ ዓይን ዓይን ይተያያሉ፣ ጭራ ቀጥ ብሎ ይቆማል።

ካላመንሽ አንድ ነገር ሞክሪ፣ የሚያባርረውን ጃክን ኮሌታውን ይዘሽ አቁሚው። አንበሴ ተመልሶ መጥቶ ከነካካው ጨዋታውን ፈልጎታል። ታንከሩ ሥር ገብቶ ከቀረ ግን በቅቶታል፣ አሳርፊው።

ጠባይን በተመለከተ ግን በአንድ አያያዝ የሚባል ነገር አይሠራም። እኔ ጋ አንዷ ቁጣ ከሰማች ሁለት ቀን ታኮርፋለች፣ ወንድሟ ብትጮህበት ጭራውን እየቆላ ይስቅብሃል፣ ከአንድ ሆድ የወጡ ናቸው እኮ። ሌላዋ ማታ ጅብ ሲጮህ አጥር ላይ ልትወጣ ትደርሳለች፣ ትልቁ ወንድ ደሞ በዛ ሁሉ ሰውነቱ መኝታ ቤቴ በር ላይ ይለጠፋል ሃሃሃ። ማን ምን እንደሚፈራና ምን እንደሚወድ ካወቅሽ ግማሹ ችግር አለቀ።

ጋሽ ለማ፦
ልጄ እኔን ከጠየቅሽኝ ችግሩ የውሾቹ አይደለም፣ ሥራ መፍታታቸው ነው። በኛ ጊዜ ውሻ ቀን ይታሰራል ሌሊት ይፈታል፣ ሌባ ይጠብቃል፣ አለቀ። አሁን ልጆቹ አቅፈው ፎቶ እያነሱ አበላሿቸው። አስረሽ አሳድሪያቸውና ጸጥ ይላሉ።

የሱሉልታው፦
ጋሼ ይቅርታዎን፣ ቀን ሙሉ የታሰረ ውሻ እኮ ነው ሲፈታ ሰው የሚነክሰው። ጉልበቱ የትም አይሄድም፣ ይጠራቀማል። ሰንሰለት ላይ ያለ ውሻ ሌላው ሲጠጋው መሸሽ ስለማይችል ያለው ምርጫ መንከስ ብቻ ነው። ጥበቃውን በተመለከተ የኔዎቹ ሲጫወቱ ውለው ማታ በሩ ላይ ኮሽ ካለ አምስቱም አሉ።

ጋሽ ለማ፦
እስቲ ይሁን። የኔ ግን ታስሮ አድጎ ማንንም ነክሶ አያውቅም።

የእንስሳት ሐኪም ተማሪ፦
ቢሾፍቱ ነው የምማረው፣ ገና ስላልጨረስኩ ምክሬን ከሐኪም ጋር አገናዝቡት። መጀመሪያ የአንበሴን ጆሮ አሳዩት፣ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም ከሥር መግል ሊይዝ ይችላል። ሁለተኛ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሦስቱም በየዓመቱ ይከተቡ፣ በተለይ ከመንገድ የመጣው። ስትገላግሉ ሰው ከተነከሰ ወይ ከተቧጨረ ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ አጥቡትና ጤና ጣቢያ ሂዱ፣ "የራሳችን ውሻ ነው" ብሎ መቀመጥ የለም፣ በሽታው አንዴ ምልክት ካሳየ መዳኛ የለውም። ስለመገላገል ደሞ እጅ መሃል አይገባም!! ባልዲ ውሃ ድፉባቸው ወይ ብረት ድስት አንኳኩ።

አጥንቱን ግን የሰጣችሁት እንዴት ነው? አንድ ላይ ከሆነ መልሱ እዛ ነው። ሲጫወቱ ችግር የሌለባቸው ውሾች ምግብ ላይ ሊጣሉ ይችላሉ፣ ከመንገድ የመጣ ውሻ ደሞ የረሃብ ልማዱ ቶሎ አይለቀውም። ሳህናቸው ይለያይ፣ የማይተያዩበት ቦታ ይብሉ፣ ሲጨርሱ ሳህኑ ይነሳ። የተቀቀለ አጥንት በተለይ የዶሮ ባትሰጡ ይሻላል፣ ይሰነጠቅና አንጀት ይወጋል። የዶሮ ወጥ ትራፊማ ጭራሽ፣ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ያጠፋል፣ የኛ ወጥ ደሞ ሽንኩርት በሽንኩርት ነው። ቡቺ ትንሽ ስለሆነች ቶሎ የምትጎዳው እሷ ናት።

አንድ ጥያቄ፣ ወንዶቹ ተኮላሽተዋል? ቡቺስ? ሴት ውሻ በስድስት ወር አካባቢ አንዴ ትፈልጋለች፣ ያኔ ጃክና አንበሴ ጓደኝነታቸውን ሊረሱት ይችላሉ።

ሚሚ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ፦
ወይኔ ቡቺ ስሟን ሳነብ አለቀስኩ፣ አዲስ አበባ ያደግንበት ጊቢ ውስጥ ቡቺ ነበረችን ❤️ እዚህ ሁለት አሉኝ አፓርትመንት ውስጥ፣ ጊቢ የለ ምን የለ፣ ማለዳና ማታ በገመድ ይዤ መውጣት ግዴታ ነው በረዶም ቢሆን፣ ቅዳሜ የውሾች መጫወቻ ፓርክ እወስዳቸዋለሁ። አንዱ ሁሉም ጋር ይላፋል፣ ሌላው ከእግሬ ሥር አይወጣም፣ በፊት ግድ ተጫወት እያልኩ እገፋው ነበር አሁን ትቼዋለሁ፣ ተቀምጦ ማየት ነው ደስ የሚለው ምን ላድርገው። የናንተ አንበሴም እንደዛ ይሆናል፣ ቀን ተዉት ይቀመጥ። እናትሽን ሰላም በይልኝ!

የኮተቤዋ፦
በጣም ነው የማመሰግነው ሁላችሁንም። አጥንቱን አዎ አንድ ላይ ነው ወንድሜ የወረወረላቸው፣ አሁን ጃክ ጓሮ፣ አንበሴ ታንከሩ ጋ፣ ቡቺ ኩሽና በር ላይ ነው የሚበሉት። ቡቺ የራሷን ትታ የጃክን ለማየት ትሄዳለች፣ ያ ትልቅ ሰውዬ ደሞ ሳህኑን ለቆላት ይቆማል ብታዩት። ኮሌታ መያዙንም ሞከርኩት፣ አንበሴ ተመልሶ መጥቶ የጃክን እግር ነከስ አድርጎ ሮጠ፣ እናቴም አይታ ሳቀች፣ "ለሰው ስጡ" የሚለው ለጊዜው ቀርቷል። ወንዶቹ አልተኮላሹም፣ ቡቺ ግን አንዴ ወልዳ ከዛ አስመከንናት። ጆሮውን ሐኪም አይቶት መርፌ ወግቶታል ክትባትም አብሮ ተሰጠ።

ሌላ ጥያቄ ልጨምር፣ ሁዳዴ ሲገባ ሰፈራችን ያሉት ሥጋ ቤቶች ይዘጋሉ፣ 55 ቀን ምን ታበሏቸዋላችሁ? አምና ሩዝ ብቻ ሆኖባቸው ጃክ ከሳብኝ። ደሞ ለቡሄ የሰፈር ልጆች ጅራፍ ሲያጮሁ አንበሴ አልጋ ሥር ገብቶ ይንቀጠቀጣል፣ እሱንም ካወቃችሁ።

የሱሉልታው፦
የሙስሊም ሥጋ ቤት አይዘጋም፣ እዛ ሂጂና ሳንባና ጨጓራ በብዛት ገዝተሽ ቀቅለሽ ፍሪዘር ውስጥ በየቀኑ ልክ እየከፋፈልሽ አስቀምጪ፣ በቆሎ ዱቄት ወይ ስብርባሪ ሩዝ ላይ ጨምረሽ ነው፣ ጨው የለ ሽንኩርት የለ። ሳያገኙ የዋሉ ቀን እንቁላል እቀቅልላቸዋለሁ። ለጅራፉ ደሞ ልጆቹ ሳይጀምሩ በፊት ቀን በደንብ አሩጪው፣ ሲመሽ ክፍል አስገቢውና መስኮት ዝጊ፣ ሬዲዮ ክፈቺ፣ አልጋ ሥር ከገባ አትጎትቺው እዛው ይቆይ። ጃክ አብሮት ይግባ፣ እሱ ጅራፍ አይፈራም አይደል?

የኮተቤዋ፦
ጃክ? ጅራፉን ራሱ ከልጆቹ ቀምቶ ነው የሚሮጠው 😂