ቶኒን ያለቀስንለት ፊት ዶክተር ዱም ሆኖ ሲመጣ እንዴት እንጠላዋለን?

በያጁ (አዲስ አበባ)

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ። ከወንድሜ ጋር ስንከራከርበት ከርመን እስካሁን አልተስማማንም።

ነገሩ በማርቨል ፊልሞች ላይ ቶኒ ስታርክን፣ ማለትም አይረን ማንን፣ የሠራው የሮበርት ዳውኒ ጁኒየር ነው። ሐምሌ 20 ቀን 2016 ዓ.ም. ሳንዲያጎ ኮሚክ ኮን በሚባለው የአድናቂዎች ጉባኤ ላይ አንድ አረንጓዴ ካባ የለበሰ ሰው መድረክ ላይ ወጣ። ጭምብሉን ሲያወልቅ ዳውኒ ሆኖ ተገኘ፤ ክፉውን ዶክተር ዱምን የሚሠራው እሱ ነው ተባለ። አዳራሹ በጩኸት ተናጋ። ወንድሜ ቪዲዮውን ከዱባይ የላከልኝ ገና ሳይነጋ ነው። እሱ በደስታ ሊያብድ ደርሷል። እኔ ግን ስልኩን ይዤ አልጋዬ ላይ ቁጭ አልኩ። ከፋኝ ማለት አልችልም። ግን ቅር አለኝ።

ደሴ ነው ያደግነው። ሸዋ በር አካባቢ አንድ ቪዲዮ ቤት ነበረች። የጣውላ አግዳሚ፣ በብርድ ልብስ የተሸፈነ መስኮት። አይረን ማንን ያየነው እዚያ ነው። እኔ ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ፣ እሱ ሦስተኛ። በቪዲዮ ቤት ቋንቋ አክተሩ ማለት ዋናው ጀግና ነው። አክተር ደግሞ አይሞትም። ያደግነው በዚህ ሕግ ነው። በ2011 ዓ.ም. አቬንጀርስ ኤንድጌም ሲወጣ ሁለታችንም አዲስ አበባ ገብተን ነበር። አብረን ገብተን አየነው። አክተሩ ሞተ። ወንድሜ ያን ያህል ጎረምሳ ሆኖ ትከሻዬ ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። እኔም አልቅሻለሁ። ከሲኒማው ወጥተን ረጅም መንገድ በእግራችን ስንሄድ አንድ ቃል አልተነጋገርንም።

ለእኔ ያ ቀብር ነው። አልቅሰን ቀብረነዋል። አሁን ያው ፊት ታኅሣሥ 9 ቀን 2019 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 18፣ 2026፣ አቬንጀርስ ዱምስዴይ ላይ ጠላት ሆኖ ሊመጣ ነው።

ሌላም አለ። እኔ በያጅ ነኝ። በርና መስኮት እሠራለሁ። ቀኑን ሙሉ ማስክ ፊቴ ላይ ነው። በኮሚኩ (በሥዕላዊ መጽሐፉ) ታሪክ ቪክተር ፎን ዱም ፊቱ በፍንዳታ ከተጎዳ በኋላ ቲቤት ይሄዳል። እዚያ ከመነኮሳት ጋር ሆኖ የብረት ልብሱን ያሠራል። ጭምብሉ ከእሳት ወጥቶ ገና ሳይበርድ ፊቱ ላይ እንዲያደርጉለት ያዛል። ይህን ሳነብ ሰውነቴን ነዘረኝ። የጋለ ብረት ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። አንዴ ትንሽ ፍንጣሪ ጓንቴ ውስጥ ገብታ የተወችው ጠባሳ እስከ ዛሬ አለ። ይሄ ሰውዬ ግን ሙሉ ፊቱን ነው የሰጠው። ማንም ፊቱን እንዳያይ ይህን ያህል የፈለገን ሰው፣ ፊቱን ዓለም ሁሉ በሚያውቀው ተዋናይ ማሠራት ምን ማለት ነው?

ጥያቄዬ ይኸው ነው። ጭምብሉን እስከ መጨረሻው የማያወልቅ ከሆነ ዳውኒ ለምን አስፈለገ? ካወለቀው ደግሞ የምናየው ዱምን ነው ወይስ ቶኒን?

የሚኪ እናት (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህ ጥሩ ነው። የእኔ ቅሬታ ግን ሌላ ቦታ ነው።

ልጄ ከላይብረሪ ኮሚክ ያመጣል። በመጀመሪያ ምን እንደሚያነብ ለማወቅ ብዬ ነበር የማገላብጠው። አሁን እሱ ሳይጨርስ እኔ እጨርሳለሁ። ዱምን ስታን ሊና ጃክ ከርቢ በፈረንጆቹ 1962 ፋንታስቲክ ፎር በሚባለው ኮሚክ ቁጥር 5 ላይ ፈጠሩት። ሁለቱም የኒውዮርክ አይሁድ ልጆች ናቸው። ከርቢ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፈረንሳይ ድረስ ዘምቷል። በ1964 የዱምን የልጅነት ታሪክ ሲጽፉ ከሮማ ሕዝብ (ጂፕሲ ከሚባሉት፣ የሮም ከተማ ሰዎች አይደሉም) አስወለዱት። ሮማዎችን ናዚዎች እንደ አይሁዶቹ ሁሉ ጨፍጭፈዋቸዋል። ዛሬም አውሮፓ ውስጥ ይገፋሉ።

የዱም እናት ሲንቲያ ጠንቋይ ናት ተብላ የሞተች ሴት ናት። አባቱ ወርነር መድኃኒት አዋቂ ነው። የባላባቱን ሚስት ማዳን ስላልቻለ ልጁን ይዞ ወደ በረዶው ሸሸ። በራሱ ልብስ ልጁን ጠቀለለው። ልጁ ዳነ፣ እሱ በብርድ ሞተ። ይህን ሳነብ ሌሊት ነበር። ከሥራ ገብቼ ገና ዩኒፎርሜን አላወለቅኩም። አባቴ በልጅነታችን ጋቢውን ለእኛ አልብሶ እሱ በሸሚዝ የሚያድርበት ክረምት ትዝ አለኝ። መጽሐፉን አጠፍኩት።

ስለዚህ እኔን የሚያንገበግበኝ የቶኒ ፊት አይደለም። ይህን ሰው አንድ የሮማ ተዋናይ ሊሠራው ይችል ነበር። ሌላዋን የማርቨል ጀግና ዋንዳ ማክሲሞፍንም በኮሚኩ ያሳደጓት ባልና ሚስት ሮማዎች ናቸው። ፊልሞቹ ያንን ዘለሉት። አሁን ሁለተኛው ነው።

ስለ ጠባሳው ግን አንድ ነገር ልጨምርልህ። ከርቢ ራሱ የፍንዳታው ጠባሳ ትንሽ ጭረት ብቻ ነው ብሎ ያስብ ነበር። ሰውዬው እንከን የማይችል ኩሩ ስለሆነ ነው የሸፈነው። እንደዚያ ካየነው ፊቱን ያጠፋው ፍንዳታው ሳይሆን ያ ያልበረደ ጭምብል ነው።

እንዴት እንጠላዋለን ላልከው ደግሞ፣ እኔ ልጠላው አልችልም። የእናቱ ነፍስ በሰይጣን መሰሉ ሜፊስቶ እጅ ናት። በየዓመቱ ሊያስለቅቃት ይዋጋል፣ በየዓመቱ ይሸነፋል። በ1989 በወጣው መጽሐፍ ከአስማተኛው ዶክተር ስትሬንጅ ጋር ወርዶ ነፃ ያወጣታል። ግን ነፃ የምትወጣው እሷ ራሷ በሥራው ተጸይፋ ስትክደው ነው። እናቱን ለማዳን እንድትጠላው አደረገ። ይህን ለመሥራት ዳውኒ ይበቃል? ትወናው ይበቃል እላለሁ። በደንብ የሚያለቅስ ተዋናይ ነው።

ተራኪው (አዳማ)

አንተ ልጅ፣ ጥያቄህን ሦስቴ አነበብኩት። እኔ ለ11 ዓመት ፊልም ወደ አማርኛ ስተርክ ኖሬአለሁ። አንዲት ክፍል፣ አንድ ማይክ፣ ግድግዳው ላይ ድምፅ እንዳያስተጋባ የእንቁላል ትሪ ለጥፈን። ሕፃኑም እኔ፣ አሮጊቷም እኔ፣ አክተሩም ጠላቱም እኔ። ያም ሆኖ ሰው አክተሩን ወደደው፣ ጠላቱን ጠላው። አንድ ጉሮሮ ነው ያለኝ። ድምፁ አንድ ስለሆነ ተምታታብኝ ያለኝ ሰው አላጋጠመኝም።

ምስጢሩ ትንፋሽ ነው። አክተሩን ስናገር ትንፋሼን እለቀዋለሁ። ጠላቱን ስናገር እይዘዋለሁ። ትንፋሹን የያዘ ሰው ያስፈራል፣ ምን ሊያደርግ እንደሆነ አታውቅም።

ቶኒ ስታርክን ተርኬዋለሁ፤ አድካሚ ነው። አፉ አያርፍም። ሰው ሳይጨርስ ይቀማል፣ ፈርቶም ይቀልዳል። ዱም ደግሞ ንጉሥ ነው። ላትቬሪያ የምትባል የምናብ አገር ገዥ ነው። ስለ ራሱ ሲያወራ ‹ዱም እንዲህ አለ፣ ዱም ይህን አይታገሥም› ነው የሚለው። እኔ ብተርከው ‹እኛ› ነበር የማስብለው። እንደ ድሮ ነገሥታት አዋጅ። ‹እኛ ፈቅደናል። እኛ አዝዘናል።› ሌሎቹ ሁሉ አንቱ ይሉታል። የፋንታስቲክ ፎር መሪ ሪድ ሪቻርድስ ብቻ አንተ ይለዋል፣ ምክንያቱም አብረው ተምረዋል። ያቺ ‹አንተ› ዱምን ከቡጢ በላይ ታመዋለች። በእንግሊዝኛው ይህ አይገኝም፣ በእኛ ግን ይገኛል።

ዳውኒ ያንን ፈጣን ምላሱን ማሰር ከቻለ ፊቱ ምንም አይደለም። ክሪስ ኢቫንስን አስብ። በፈረንጆቹ 2005 እና 2007 በፋንታስቲክ ፎር ፊልሞች ጆኒ ስቶርም ነበር፣ ልጅ እግር፣ ቀልደኛ። በፈረንጆቹ 2011 ካፕቴን አሜሪካ ሲሆን ማን አስታወሰው? በ2024 ዴድፑል እና ዎልቨሪን ላይ ብቅ ሲል ሰው ሁሉ ካፕቴን መጣ ብሎ ሲጠብቅ ጆኒ ሆኖ ተገኘ። ማለትም አዲሱ ሰው አሮጌውን ሙሉ በሙሉ አጥፍቶት ነበር። ሂዝ ሌጀር የባትማንን ጠላት ጆከርን ይሠራል ሲባልም ብዙ ሰው ተቃውሞ ነበር። ፊልሙ በ2008 ወጣ፣ እሱ ከሞተ በኋላ ኦስካር ተሸለመበት።

ሲጀመር አስር ደቂቃ ቶኒን ታያለህ። ከዚያ በኋላ ካየኸው ግን ጥፋቱ የዳውኒ ነው።

ሚስማር (አዲስ አበባ)

ሁላችሁም ጥሩ ብላችኋል፣ ግን መነሻውን አትርሱት። ማርቨል መጀመሪያ ያቀደው ዋና ጠላት ካንግ የሚባል ነበር። ካንግን የሚጫወተው ተዋናይ በፈረንጆቹ 2023 መጨረሻ ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ሲለው ማርቨል አሰናበተው። በዚያው ዓመት ዘ ማርቭልስ የተባለው ፊልም ከማርቨል ፊልሞች ሁሉ ዝቅተኛውን ገቢ አስገባ። ስለዚህ ሰው ሁሉ የሚመጣለት ፊት ፈለጉ። ለዱም ፊት አልመረጡም፣ ለፖስተሩ ነው የመረጡት። ይህ የእኔ እምነት ነው።

የሐዋሳዋ

እኔ ብላክ ፓንተርን ከሁሉም በላይ ነው የምወደው። ቅኝ ያልተገዛች የአፍሪካ አገር የሚል ታሪክ ሲነገር ማን ትዝ እንደሚለን ግልጽ ነው። ዋናው ተዋናይ ቻድዊክ ቦዝማን፣ የዋካንዳ ንጉሥ ትቻላ በአፍሪካዊ አነጋገር ካልተናገረ ብሎ ተከራክሯል። የትቻላን አባት የሠሩት ደቡብ አፍሪካዊው ጆን ካኒ ደግሞ የኾሳ ቋንቋን ወደ ዋካንዳ አመጡት። ቦዝማን በ43 ዓመቱ ነሐሴ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲያርፍ የአንጀት ካንሰር እንዳለበት እንኳ አናውቅም ነበር። ዳይሬክተሩ ራያን ኩግለርና ማርቨል ሌላ ሰው በእሱ ቦታ አልተኩም። በፈረንጆቹ 2022 ሁለተኛው ፊልም ሲወጣ ትቻላም አብሮት ሞቶ ነበር፤ ጥቁሩን ልብስ እህቱ ሹሪ ለበሰችው።

ያኔ ብዙ አድናቂ ትቻላ ይቀጥል፣ ሌላ ተዋናይ ይምጣ ብሎ ነበር። እኔ አልደገፍኩም። ፊቱ ሲያርፍ ሰውየውም ይረፍ አልኩ። ታዲያ አሁን ግራ የገባኝ ይሄ ነው። ለትቻላ እንዲያ ያደረጉ ሰዎች ለቶኒ ተቃራኒውን አደረጉ። ስሙ አረፈ፣ ፊቱ አላረፈም። ዳውኒ በሕይወት አለ፣ ሥራው ነው፣ አውቃለሁ። ግን ሐዘን ሐዘን ነው። ተራኪው ጋሼ፣ እርስዎ የሚሉት የትንፋሽ ነገር ለጆሮ ልክ ነው። ለዓይን ግን እርግጠኛ አይደለሁም።

በያጁ (አዲስ አበባ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ ተራኪ፣ ደሴ እያለሁ ድምፅዎን ሳልሰማ አልቀርም። ‹አንተ› ስላሉት ነገር ሥራ ላይ ሆኜ ሳስብ ዋልኩ።

የሚኪ እናት፣ አንቺ የጻፍሽው ግን ሌላ ቦታ ወሰደኝ። አያቴ ቀጥቃጭ ነበር። ማረሻ፣ ማጭድ፣ ቢላ ይሠራ ነበር። ገበያ ላይ ማረሻውን ይገዙታል፣ ቤታቸው ግን አያስገቡትም። ቡዳ ነው ይሉት ነበር። የሰፈር ሕፃን ሲታመም ዓይናቸው ወደ እሱ ቤት ነው። እናቴ ይህን የነገረችኝ ብየዳ ልማር ብዬ ስነሳ ነው፣ እንድተወው ፈልጋ። አልተውኩትም። ጠንቋይ የተባለች እናት ልጅ ብረት ለብሶ ዓለምን ልግዛ ቢል ምን እንደሚሰማው ትንሽ ትንሽ ይገባኛል። ያደረገው ነገር ትክክል ነው አላልኩም። ይገባኛል ነው ያልኩት።

ቶኒም እኮ የመጀመሪያውን ልብሱን ዋሻ ውስጥ ታስሮ ብረት እያጋለ ቀጥቅጦ ነው የሠራው። ያቺን ትዕይንት እስከ ዛሬ እወዳታለሁ። መዶሻው ሲያርፍ ድምፁ ልክ ነው። ሁለቱም ቁስላቸውን በብረት የሸፈኑ ሰዎች ናቸው። ለአንዱ ልብሱ ማምለጫ ሆነው፣ ለሌላው እስር ቤት። ምናልባት ተመሳሳይ ፊት የሰጧቸው ይህን ለማሳየት ከሆነ እቀበለዋለሁ። ለሚስማር ፖስተር ብቻ ከሆነ ግን አልቀበልም።

አቋሜ ግን አልተቀየረም። ጭምብሉ መውለቅ ያለበት አንዴ ብቻ ነው፣ እሱም ወደ መጨረሻው። (አዲሱን ፋንታስቲክ ፎር ያላያችሁ ይህን አንቀጽ እለፉት።) በፈረንጆቹ 2025 የወጣው ፊልም ማብቂያ ላይ ዱም ከሪድ ሕፃን ልጅ ከፍራንክሊን ፊት ተንበርክኮ ጭምብሉን በእጁ ይዞታል። ፊቱን ግን አላሳዩንም። ጀርባውን ብቻ ነው ያየነው። ያን ስታይ ሆድህ ይሸበራል። ሕፃኑ ያየውን እኛ አላየንም። እንደዚያ አድርገው ቢቀጥሉ ዳውኒ ይሁን ሌላ ሰው ግድ የለኝም።

የበያጁ ወንድም (ዱባይ)

ወንድም ጋሼ፣ ሊንኩን ስትልክልኝ ልትሞግተኝ መስሎኝ ነበር። የአያታችንን ነገር ለእኔ ነግረኸኝ አታውቅም። ስልክ ስደውል ትነግረኛለህ።

ክርክራችን ላይ የሐዋሳዋ ያለችው እውነት ነው። እኔ የጮህኩት ዱምን ስላየሁ አይደለም። እሱን እንደገና ስላየሁት ነው። ኤንድጌም ሲያልቅ በቂ ጊዜ ያለቀስኩ አልመሰለኝም።

ፊልሙ እዚህ ሲገባ የሥራ ጓደኞቼ አብረን እንግባ ማለታቸው አይቀርም። አልገባም። ለገና ፈቃድ ጠይቄያለሁ። እስከዚያ ማንም ምንም እንዳይነግረኝ ስልኬን እዘጋለሁ። አንተም ቀድመህ እንዳትገባ። ትኬቱን አንተ ቁረጥ፣ መሃል ረድፍ ላይ።