በፎቶ የሚያምር፣ ሲኖሩበት የሚያማርር ቤት፦ በፕላን ላይ ሳለ ምኑ ይታረም?

ጥያቄ (ቤት ሊያሠራ የተዘጋጀ)

ላለፉት 3 ዓመታት የኖርኩት በቅርቡ ተሠርቶ ባለቀ የኪራይ ቤት ውስጥ ነው። ቤቱን ለማየት በገባሁበት ዕለት ወለሉ ያብለጨልጭ ነበር፤ ኩሽናው ከሳሎኑ ጋር ያለ ግድግዳ በመያያዙ ቤቱ እጅግ ሰፊ መስሎ ታየኝ፤ ወደ ላይኛው ፎቅ የሚያወጣው ደረጃም እርከኖቹ ከአንድ ግድግዳ ብቻ ወጥተው በአየር ላይ የተንሳፈፉ ይመስሉ ስለነበር ውሉን ለመፈረም ብዙም አላመነታሁም። ዛሬ የሚያማርሩኝ እነዚያው የወደድኳቸው ነገሮች ናቸው። ኩሽና ውስጥ አንድ ሰው ዕቃ ሲያጥብ ሳሎን የተቀመጠው ሰው በስልክ መነጋገር አይችልም፤ የተጠበሰው ነገር ሽታ እስከ ማግስቱ ከሶፋው ጨርቅ አይለቅም። የመኝታ ቤቱ ማብሪያ ማጥፊያ በሩ ሲከፈት በሚሸፍነው ግድግዳ ላይ ስለተገጠመ፣ በጨለማ ገብቼ በሩን ከኋላዬ ካልዘጋሁ በቀር መብራቱን ማብራት አልችልም።

አሁን የራሴን ቤት ላሠራ ነው፤ ፕላኑ ገና በወረቀት ላይ ነው። የቀረበልኝ ዲዛይን ክፍት ኩሽና፣ በምዕራብ በኩል ከወለል እስከ ኮርኒስ የሚደርስ መስታወት፣ ጠፍጣፋ ጣሪያ እና እንደ አሁኑ ቤቴ ያለ ተንሳፋፊ ደረጃ ያለው ነው። እናንተ ከገባችሁበት በኋላ ያማረራችሁ የዲዛይን ምርጫ የትኛው ነው? የቀለምና የመጋረጃ ጉዳይ አያሳስበኝም፤ እሱ መቼም ቢሆን ይቀየራል። መስማት የምፈልገው ግንባታው ካለቀ በኋላ ግድግዳ ሳይፈርስ የማይስተካከለውን ነው።

መልስ (አርክቴክት)

ከክፍት ኩሽና ልጀምር፤ ምክንያቱም ቅሬታው በአብዛኛው የሚነሳው ከግድግዳው አለመኖር ሳይሆን ከድምፁ ነው። ዘመናዊው ቤት ከቀድሞው የሚለየው ሰፊ በመሆኑ ብቻ አይደለም፤ ወለሉ ሴራሚክ፣ መስኮቱ ትልቅ መስታወት፣ ኮርኒሱ የተለሰነ ጂፕሰም፣ ጠረጴዛው ድንጋይ በመሆኑ ድምፅን ውጦ የሚያስቀር ነገር በውስጡ የለም። በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህር የነበረው ዋላስ ሳቢን እ.ኤ.አ. ከ1895 ጀምሮ ንግግር የማይሰማበትን አንድ የመማሪያ አዳራሽ እንዲያስተካክል በታዘዘ ጊዜ፣ ከሌላ አዳራሽ የወንበር ትራሶችን በሌሊት እያስመጣና እየደረደረ ድምፁ ለመጥፋት የሚፈጅበትን ጊዜ ለካ። ከዚያ ሥራ የተገኘው ቀመር ዛሬም እንሠራበታለን፦ የክፍሉ ይዘት በሜትር ኩብ በ0.161 ተባዝቶ፣ በውስጡ ላለው ድምፅ የመዋጥ አቅም (የገጾቹ ስፋት በሚውጡት የድምፅ መቶኛ ተባዝቶ በካሬ ሜትር ይለካል) ይካፈላል፤ ውጤቱ በሰከንድ ነው።

ይህን በእርስዎ ቤት ላይ ብንሞክረው፣ 60 ካሬ ሜትር ስፋትና 3 ሜትር ከፍታ ያለው ሳሎንና ኩሽና 180 ሜትር ኩብ ይዘት አለው። ግድግዳው፣ ወለሉና ኮርኒሱ ሁሉ ጠንካራና ልሙጥ ሆነው ከሚደርስባቸው ድምፅ 5 በመቶውን ብቻ ቢውጡ፣ አንድ ድምፅ ሙሉ በሙሉ ለመጥፋት 2.7 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል፤ ይህም ማለት የመጀመሪያው ማንኪያ ድምፅ ሳይጠፋ ሁለተኛውና ሦስተኛው ይደርሱበታል። ምንጣፍ፣ ወፍራም መጋረጃ፣ የጨርቅ ሶፋና የመጻሕፍት መደርደሪያ ተጨምረው የመዋጥ አቅሙን በ30 ካሬ ሜትር ያህል ቢያሳድጉት፣ ያው ክፍል ወደ 0.7 ሰከንድ ይወርዳል። ስለዚህ አሁን ባሉበት የኪራይ ቤትም ቢሆን፣ ለመልቀቅ ጥቂት ወራት የቀሩዎት ካልሆነ በቀር፣ አንድ ትልቅ ምንጣፍ መሞከር አይከፋም።

ሽታው ግን በምንጣፍ አይፈታም። ከምድጃው በላይ የሚገጠመው የጭስ መሳቢያ ሁለት ዓይነት ነው፦ አንደኛው አየሩን በቱቦ ወደ ውጭ ያስወጣል፤ ሁለተኛው በከሰል ማጣሪያ አሳልፎ እዚያው ክፍል ውስጥ ይመልሰዋል። ሁለተኛው ሽታውን በከፊል ይቀንስ እንደሆን እንጂ እንፋሎቱን አያስወጣም፤ ማጣሪያውም በየጊዜው ካልተቀየረ ከጌጥነት አያልፍም። በክፍት ኩሽና ፕላን ላይ ምድጃው በክፍሉ መካከል ሲሳል ቱቦው በየት እንደሚወጣ አብሮ ካልተሳለ፣ መጨረሻው ይኸው ሁለተኛው ዓይነት ነው የሚሆነው። ፕላንዎን ይክፈቱና የቱቦውን መስመር ይፈልጉ፤ ካጡት ዛሬውኑ ይጠይቁ።

በነገራችን ላይ፣ ዛሬ የምናየው ተከታታይ ካቢኔት ያለው ኩሽና አባት ተደርጎ የሚቆጠረው የፍራንክፈርት ኩሽና ክፍት አልነበረም። አርክቴክቷ ማርጋሬቴ ሹተ ሊሆትስኪ እ.ኤ.አ. በ1926 የነደፈችው ይህ ኩሽና 1.9 በ3.4 ሜትር ብቻ የሆነ ጠባብ ክፍል ሲሆን፣ ወደ መኖሪያው ክፍል የሚያገናኘው ተንሸራታች በር ነበረው። ለእኔ እስካሁን ከዚያ በር የተሻለ መላ አልታየኝም፤ ሲያስፈልግ ይከፈታል፣ ሲያስፈልግ ይዘጋል። ለእርስዎም የምመክረው 2 ሜትር ያህል ስፋት ያለው ተንሸራታች የመስታወት በር ነው።

መልስ (የሁለት ሕፃናት እናት)

የአርክቴክቱን አስተያየት አከብራለሁ፤ ነገር ግን ክፍት ኩሽናን እንደ ስህተት ብቻ ማየቱ አልተዋጠልኝም። እኔ በቀድሞው ቤቴ ኩሽናው በኮሪደሩ መጨረሻ ላይ የተዘጋ ክፍል ስለነበር፣ ምድጃ ላይ ያለውን ትቼ ልጆቹ ምን እያደረጉ እንደሆነ ለማየት በየ5 ደቂቃው እመላለስ ነበር። አሁን ባለሁበት ክፍት ቤት ጫጫታው እውነት ነው፤ ሽታውም እውነት ነው፤ ግን ሁለቱም ልጆች ከዓይኔ አይርቁም። የሚያማርረኝ ሌላ ነገር ነው፦ ሳሎኑ ጣሪያው ሁለት ፎቅ ያህል ከፍ ያለ ከመሆኑ የተነሳ፣ ማታ ከተኙ በኋላ እኛ ታች የምናወራው ሁሉ ላይ ባለው ኮሪደር በኩል መኝታ ቤታቸው ድረስ ይገባል። ሙቀቱም ወደ ላይ ስለሚወጣ ታች እኛን ሲበርደን እነሱ ላይ በላብ ይነቃሉ። ግድግዳ ቢጎድል ኩሽና ጋ ይጉደል፤ መኝታ ቤት ጋ ግን በር ያለው ኮሪደር ይኑር እላለሁ።

መልስ (የኤሌክትሪክ ሠራተኛ)

በሩ የሚሸፍነው ማብሪያ ማጥፊያ ከየት እንደሚመጣ ልንገርዎት። የኤሌክትሪክ ፕላኑ ሲሳል ማብሪያው በትክክል በእጀታው በኩል ይቀመጣል፤ ከዚያ በኋላ አንድ ሰው ቁም ሳጥኑ አልገባም ብሎ የበሩን አከፋፈት ከግራ ወደ ቀኝ ይገለብጠዋል፤ የኤሌክትሪክ ፕላኑን ግን ማንም አብሮ አያርመውም። እኛ ደግሞ የተሰጠንን ወረቀት ተከትለን ግድግዳውን እንሰረስራለን። ስለዚህ የበሮቹ አከፋፈት የመጨረሻ ውሳኔ ሳያገኝ የማብሪያዎቹን ቦታ አያጽድቁ።

መኝታ ቤት ውስጥ ከበሩ አጠገብ የሚያበሩትን መብራት አልጋ ላይ ሆነው የሚያጠፉበት ሁለተኛ ማብሪያ ያስፈልግዎታል፤ ልስን ሳይለሰን ሁለት ሽቦ መጨመር የግማሽ ቀን ሥራ እንኳን አይሆንም፣ ከተለሰነ በኋላ ግን ግድግዳ መፈልፈል ነው። ሶኬቶቹንም በባዶ ክፍል ላይ ሳይሆን የቤት ዕቃው በተሳለበት ፕላን ላይ ያስቀምጧቸው፤ አለበለዚያ ግማሾቹ ከአልጋውና ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ተቀብረው በኤክስቴንሽን ገመድ ሲደናቀፉ ይኖራሉ።

ሌላው በኮርኒስ ውስጥ በየሜትሩ የሚቀበሩት ክብ የኤልኢዲ መብራቶች ናቸው። በኩሽና ውስጥ ከኮርኒሱ የሚወርደው ብርሃን ከሚሠራው ሰው ጀርባ ስለሚመጣ፣ ሰውየው በገዛ ጥላው ላይ ነው የሚከትፈው። ከላይኛው ካቢኔት ሥር የሚገጠም አንድ መስመር መብራት ከ10 ክብ መብራቶች ይሻላል። በተጨማሪም ከእነዚህ ክቦች ብዙዎቹ አምፖላቸው የማይፈታ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚበላሸው ኤልኢዲው ሳይሆን ኃይል የሚያቀብለው ትንሽ ዕቃ ሲሆን፣ እሱ ሲሞት ሙሉ መብራቱ ይጣላል፤ ያኔ ደግሞ ያው ሞዴል ከገበያ ጠፍቶ የቀዳዳው ስፋት ከአዲሱ ጋር አይገጥምም። አምፖሉ የሚቀየር ዓይነት ይምረጡ። ለመኝታና ለሳሎን 2700 ወይም 3000 ኬልቪን (የብርሃኑ ቀለም መለኪያ ነው) የሚል የተጻፈበትን ይግዙ፤ 6500 የሚለው ሰማያዊ ነጭ ስለሆነ ለመጋዘን ካልሆነ በቀር አልመክረውም።

መልስ (የቧንቧና የንጣፍ ሥራ የሚሠራ)

እኔ መታጠቢያ ቤቱን ብቻ ነው የማነሳው። በሁሉም ሥዕል ላይ የሚታየው 60 በ120 ሳንቲ ሜትር የሆነ ትልቅ ሴራሚክ ያምራል፤ ነገር ግን የሻወሩ ወለል ውሃው ወደ ፍሳሽ ቀዳዳው እንዲሄድ በእያንዳንዱ ሜትር ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ማዘንበል አለበት። ቀዳዳው መካከል ላይ ከሆነ ወለሉ ከ4 አቅጣጫ ነው የሚያዘነብለው፤ ትልቁ ሴራሚክ ደግሞ አይታጠፍም። ሠራተኛው ወይ ሴራሚኩን ሰያፍ ይቆርጠዋል፣ ወይ ወለሉን ያለ ስሎፕ ጠፍጣፋ ያደርገዋል፤ በኋለኛው ምርጫ ውሃው ሁልጊዜ ጥግ ላይ ይቆማል። ትልቁን ሴራሚክ የግድ ከፈለጉ፣ በግድግዳው ሥር የሚዘረጋ ቀጭን የፍሳሽ መስመር ያስገጥሙ፤ ያን ጊዜ ወለሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ያዘነብላል። የሚያብለጨልጨውን ዓይነት ግን ለሻወር ወለል ፈጽሞ አይግዙ፤ እርጥብ ሲሆን ያንሸራትታል። ሸካራው ለማጽዳት ትንሽ ያስቸግራል፤ ከመውደቅ ግን ይሻላል።

በጠረጴዛ ላይ እንደ ጎድጓዳ ሳህን የሚቀመጠው የእጅ መታጠቢያም አለ። ጠረጴዛው በተለመደው 85 ሳንቲ ሜትር ተሠርቶ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ሳህን ሲቀመጥበት አፉ 1 ሜትር ይደርሳል፤ ልጆች አይደርሱበትም፣ አዋቂውም ፊቱን ሲታጠብ ውሃው በክርኑ ይወርዳል። ከወደዱት ጠረጴዛውን ወደ 70 ያውርዱት።

ለእንግዳ ተብሎ የሚሠራው ተጨማሪ መታጠቢያ ቤት የሚሸተው ደግሞ ቧንቧው ተበላሽቶ አይደለም። በፍሳሽ ቀዳዳው መታጠፊያ ውስጥ የሚቀረው ውሃ ነው የቱቦውን ሽታ የሚያግደው፤ ለሳምንታት ማንም ካልተጠቀመበት ይተናል። አልፎ አልፎ አንድ ጆግ ውሃ ማፍሰስ ይበቃል። ብዙ ሰው ግን ይህን ሳያውቅ ወለል ያስፈርሳል።

መልስ (አርክቴክት፣ ለሁለተኛ ጊዜ)

መስታወቱንና ጣሪያውን ዘልዬ ነበርና ልመለስበት። በምዕራብ በኩል የሚገባው ከሰዓት በኋላ ያለው ፀሐይ ዝቅ ብሎ ስለሚመጣ፣ ከላይ የሚወጣ ጥላ ሰጪ ክፈፍ አያግደውም፤ ከውስጥ የሚጋረድ መጋረጃም ብርሃኑን ይቀንሳል እንጂ ሙቀቱ መስታወቱን አልፎ ቀድሞ ገብቷል። መከላከል የሚቻለው በውጭ በኩል በሚዘጋ መከለያ ወይም በቁም በሚደረደሩ ክንፎች ነው። ካልሆነም መስታወቱን ወደ ሌላ ገጽ ያዙሩት።

ይህ የተራ ባለሙያ ስህተት ብቻ አይደለም። ታዋቂው አርክቴክት ሚስ ቫን ደር ሮኸ ለዶክተር ኢዲት ፋርንስወርዝ የሠራውና እ.ኤ.አ. በ1951 የተጠናቀቀው የመስታወት ቤት ከዘመኑ ታላላቅ ሥራዎች አንዱ ነው፤ ባለቤቲቱ ግን ዙሪያውን በመስታወት በታጠረው ቤት ምክንያት ምሬቷን በይፋ ተናግራለች። ከሁሉም የማይረሳኝ፣ ኩሽናው ከመንገዱ ስለሚታይ ከመታጠቢያ ገንዳው ሥር የቆሻሻ መጣያ ማስቀመጥ እንዳልቻለች መናገሯ ነው። ልክ እንደዚሁ ሌላው ታዋቂ አርክቴክት ሌ ኮርቡዚየ በፈረንሳይ ፖይሲ የሠራው፣ እ.ኤ.አ. በ1931 የተጠናቀቀው ቪላ ሳቯይ ጠፍጣፋ ጣሪያው ያፈስ ስለነበር ባለቤቲቱ በ1930ዎቹ ደጋግማ ለአርክቴክቱ ጽፋለች።

ጠፍጣፋ ጣሪያ ማለት ፍጹም ጠፍጣፋ ማለት አይደለም፤ ቢያንስ 2 በመቶ ያህል ማዘንበል ይኖርበታል። አንዱ የውሃ መውጫ በቅጠል ቢደፈን የሚያስተነፍስ ሁለተኛ መውጫም ያስፈልገዋል። ክዳኑ ከግድግዳው ወጣ የማይልበት የሳጥን ቅርጽ ያለው ቤት ደግሞ የዝናቡን ውሃ በቀጥታ በግድግዳው ላይ ስለሚያወርድ፣ ነጩ ቀለም በመስኮቶቹ ማዕዘን ሥር በጥቁር መስመር ያለቅሳል። 50 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ክፈፍ ቢጨመር ሥዕሉ ትንሽ ያረጀ ይመስላል፤ እኔ ግን እጨምረው ነበር።

ጠያቂው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ፕላኑን ዘርግቼ ስመለከተው የጭስ ቱቦው እውነትም አልተሳለም፤ 4 በሮችም አከፋፈታቸው ከኤሌክትሪክ ፕላኑ ጋር አይገጥምም። ተንሸራታቹን በር ተቀብያለሁ፣ መስታወቱም በግማሽ ይቀንሳል። እመቤቲቱ ያነሱትን አስቤ የላይኛውን ኮሪደር በበር ለመዝጋት ወስኛለሁ። የቀረኝ ደረጃው ነው፤ ሕፃን እንዳይሾልክበት በእርከኖቹ መካከል ያለው ክፍተት ከተዘጋ ሥሩ ያለው ኮሪደር ይጨልማል ተብያለሁ። ምን ይሻላል?

መልስ (አርክቴክት)

ሙሉ በሙሉ መዝጋት አይጠበቅብዎትም። ክፍተቱ ከ10 ሳንቲ ሜትር ያነሰ እንዲሆን ከእያንዳንዱ እርከን ሥር አግድም ዘንግ ወይም ጠባብ ሳንቃ ይጨመር፤ የሕፃን ጭንቅላት አያሳልፍም፣ ብርሃን ግን ያሳልፋል። የአንዱ እርከን ከፍታ በሁለት ተባዝቶ ከመርገጫው ስፋት ጋር ሲደመር ከ60 እስከ 64 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ለእግር ይመቻል፤ ለምሳሌ 17 ከፍታና 29 መርገጫ 63 ይሰጣል። የመጨረሻው እርከን ከሌሎቹ በ2 ሳንቲ ሜትር እንዳይለይ የወለሉ ንጣፍ ውፍረት ከወዲሁ ይታሰብ፤ ሰው የሚደናቀፈው እዚያ ላይ ነው። የእጅ መደገፊያውም በሥዕሉ ላይ ባይኖር ይሳል፤ ከግድግዳው በኩል ቢሆንም ይበቃል።

መልስ (የኤሌክትሪክ ሠራተኛ)

ደረጃው ላይ ሳላችሁ፣ ከታችም ከላይም የሚበራና የሚጠፋ ማብሪያ እንዲሳል ያድርጉ። ይህን የረሳ ቤት ባለፈው ወር ብቻ ሁለት ሠርቻለሁ።