ነገ ውይይት አለን፤ ልቦለዱ መጨረሻው ላይ ተበላሸብኝ! ምን ላድርግ?

የቱሉ ዲምቱዋ፦ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ነገ 9 ሰዓት ኮንዶሚኒየማችን ግቢ ውስጥ የንባብ ቡድናችን ይሰበሰባል፤ አቅራቢዋ እኔ ነኝ። መጽሐፉ ትርጉም ነው፣ የሥነ ልቦና ትሪለር (ልብ አንጠልጣይ)፤ ሽፋኑ ላይ የተዘጋ በር ያለው። ሴትየዋ እናቷ ስትሞት ወደ ልጅነት ቤቷ ትመለሳለች። እህቷ ልጅ ሳሉ ጠፍታለች፣ እሷ ግን ያን ሌሊት አታስታውስም። እስከ ግማሹ እንቅልፍ ይነሳል። ከዚያ አንድ አሮጌ አሻንጉሊት አየችና ሁሉም ነገር እንደ ፊልም መጣላት! ጥፋተኛው ደግሞ መጨረሻ ላይ ከየት መጣ የማይባል የሰፈር ሐኪም። በጣም ተናድጃለሁ። ልቀይረው ወይስ በዚሁ ልቅረብ?

ቤቲ ጀሞ፦ ቀይሪው። አንድ አጭር ልቦለድ ፎቶ ኮፒ አድርጊና እዚያው ይነበብ።

ጋሽ አንባቢ፦ ልጄ፣ ይህ የቆየ በሽታ ነው። እንግሊዛዊው ደራሲ ሮናልድ ኖክስ እ.ኤ.አ. በ1929 ለመርማሪ ልቦለድ 10 ሕጎች ጽፎ ነበር። የመጀመሪያው፣ ወንጀለኛው ታሪኩ ገና ሲጀመር መጠቀስ አለበት ይላል። አንባቢ ሊገምት እየቻለ ሲሳሳት ነው ደስ የሚለው። የዛሬ ደራስያን ግን ማስደንገጥ እንጂ ማዘጋጀት አይወዱም።

ሚኪ፦ ሐኪሙን ተዉት፣ የመጣው ለቀብሩ ነው 😂

አያት 49፦ ሚኪ ሳያውቀው መታው! መጽሐፉን አንብቤዋለሁ። ሐኪሙ ምዕራፍ 2 ቀብሩ ላይ አለ። ስለዚህ ከየት መጣ ማለት አይቻልም፤ ተመልሰሽ እዪ።

የቱሉ ዲምቱዋ፦ አየሁት። አንድ መስመር ናት እኮ! «ሐኪሙም ቆሞ ነበር» ይበቃል?

ቤቲ ጀሞ፦ ቀይሪው አልኩ እኮ።

ሲስተር፦ እህቴ፣ አትቀይሪው። የአእምሮ ጤና ነርስ ነኝ። ክፉ ነገር ያየ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያሠቃየው መርሳቱ ሳይሆን አልረሳ ማለቱ ነው። በቅዠት ይመጣበታል፣ በትንሽ ድምፅ ይደነግጣል፣ ቦታውን ይሸሻል። ቁርጥራጩ ሊጠፋው ይችላል፤ ግን ከዓመታት በኋላ እንደ ፊልም ተስተካክሎ ይመጣል ማለት ይከብዳል። ትዝታ ሊፈጠርም ይችላል። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኤልዛቤት ሎፍተስ ከባልደረባዋ ጋር እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተመችው ጥናት፣ ለ24 ሰዎች ልጅ ሳላችሁ የገበያ ማዕከል ውስጥ ጠፍታችሁ ነበር ተብሎ ተነገራቸው። ውሸት ነው። 6ቱ ግን በሙሉም ሆነ በከፊል ትዝ አለን አሉ። ነገ ይህን ጠይቂያቸው፦ ሴትየዋ ያስታወሰችው ልክ ባይሆንስ? ሐኪሙ ንጹሕ ቢሆንስ? ደራሲው ይህን ቢጠይቅ መጽሐፉ ይድን ነበር። አደራ፣ «እናንተስ ምን ደረሰባችሁ?» ብለሽ በሰው ፊት አትጠይቂ። ቁስሉ ያልደረቀ ሰው ሊኖር ይችላል።

አያት 49፦ በዚህ እስማማለሁ። አሻንጉሊቷ ያለችበትን ገጽ ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው፤ ክርክሩ ራሱ ይነሳል።

ኮዬ ፈጬ፦ እኔም መጽሐፉ አለኝ፣ እንደናንተ ነው ያበሳጨኝ። ውይይቱ ለውጭ ሰው ክፍት ነው? የትኛው ብሎክ ነው?