የነሐሴ ደመወዜ ጳጉሜን ሳይገባ አለቀብኝ፤ ዛሬውኑ መላ በሉኝ

ጠያቂ፦ የነሐሴ ደመወዝ ከገባልኝ ገና ሦስት ቀኑ ቢሆንም በእጄ የቀረኝ 2,600 ብር ብቻ ነው። ትናንት ማታ ልጄን አስተኝቼ ስልኬን ስነካካ በቴሌግራም የሚሸጥ ጫማና ቦርሳ አየሁ፤ «የቀረው አንድ ብቻ ነው» የሚለውን ሳነብ አላስቻለኝምና 4,300 ብር ላክሁ። ዛሬ ጠዋት ሲደርሰኝ ከነካርቶኑ አልጋ ሥር ከተትሁት፤ ልከፍተው እንኳ አልደፈርሁም። እሑድ የዕቁብ ቀን ስለሆነ 3,000 ብር በፍጥነት የሚያበድር የምታውቁ ንገሩኝ።

አባል ከደሴ፦ እህቴ፣ የቤት ኪራይ ከፍለሻል? ዕቁቡስ ስንት ነው?

ጠያቂ፦ ኪራይ ከፍያለሁ። ዕቁቡ በሳምንት 500 ብር ነው፤ ዕጣ ገና አልወጣልኝም።

አባል ከሐዋሳ፦ ልጄ፣ እኛ ደመወዝ ስንቀበል አስቀድመን ጤፍና በርበሬ እንሸምት ነበር። ዕቃውን በእጃችን ዳስሰን፣ ዋጋ ተከራክረን፣ ብሩን ቆጥረን ስለምንሰጥ የወጣው ገንዘብ ይሰማን ነበር፤ አሁን ግን የምሥጢር ቁጥር መምታት ብቻ ስለሆነ ብሩ መውጣቱ አይታወቅም። ወጪሽን በደብተር መዝግቢ።

አባል ከአዲስ አበባ፦ በብድሩ አልስማማም። ጳጉሜን ደመወዝ ስለሌላት ቀጣዩን የምታገኚው በመስከረም መጨረሻ ነው። በመካከሉ አምስት እሑድ ካለ ዕቁቡ ብቻውን 2,500 ብር ስለሚወስድ ለምግብና ለልጅሽ ደብተር የሚተርፍሽ 100 ብር ነው፤ ብድር ሲጨመርበት ደግሞ የመስከረሙም ደመወዝ ሳይገባ ያልቃል። ሻጩን ይመልስልሽ እንደሆነ ጠይቂው፤ እምቢ ካለ ለባልደረቦችሽ አሳዪ፤ ለዘመን መለወጫ ጫማ ፈላጊ አይጠፋምና ትንሽ ከስረሽም ቢሆን ይሸጥልሻል።

አባል ከባሕር ዳር፦ እኔም የምመክርሽ ወጪሽን በደብተር እንድትመዘግቢ ነው።

አባል ከአዳማ፦ የዕቁብ ጸሐፊ ነኝ። ዳኛችሁን አነጋግሪ፤ ዕጣ የወጣለት ሰው ገንዘቡን ወዲያው የማይፈልገው ከሆነ ተራውን ሊለቅልሽ ይችላል፣ እኛ ዘንድ ለትምህርት ቤት ወጪ ስንት ጊዜ ተደርጓል። ዋስ ግን አዘጋጂ፤ ብሩም ከስልክሽ ጋር ባልተያያዘ የባንክ ሒሳብ ይግባ።

ጠያቂ፦ ሻጩ አልመልስም ብሏል። አንዲት ባልደረባዬ ጫማውን ነገ ልትለካው ነው፤ ዳኛውንም ዛሬ ማታ አነጋግረዋለሁ።

አባል ከደሴ፦ የሽያጭ ቻናሎቹንስ ከስልክሽ አጥፍተሻል? ዛሬም ልጅሽን አስተኝተሽ ስልክሽን ስትከፍቺ እዚያው ናቸው።