በበልግ ዝናብ የሰፈር ጥበቃ በባጃጅ ይሁን? የድሬዎች ክርክር

ሐሳቡን ያመጣው፦
ሰላም ጎረቤቶች። የሰፈር ስብሰባው ላይ ላልነበራችሁ በአጭሩ ላስረዳ። በልግ ገብቷል። ማታ ዝናቡ ሲጀምር ሮንዶቹ ሱቅ በረንዳ ሥር ይጠለላሉ። ሌባ ደግሞ የሚጠብቀው ያንን ሰዓት ነው። ቆርቆሮው በዝናብ ሲንኳኳ አጥር ሲዘለል ማን ይሰማል? የውሃ ቆጣሪ እንኳ እየተፈታ እየተወሰደ ነው። ስለዚህ ሁለት ባጃጅ እንከራይ፣ ሮንዶቹ ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት በእሱ ይዙሩ፣ ወጪው ከየቤቱ ይዋጣ ተብሏል። እኔ ደጋፊ ነኝ። እናንተስ?

ከከዚራ፦
እስማማለሁ። የከዚራ መንገድ ቀጥ ያለ ነው፤ አንዱ ጫፍ ላይ ቆመህ ሌላው ጫፍ ይታይሃል። በእግር ሲዞሩ የሚያመሹበትን ባጃጅ በደቂቃዎች ይጨርሰዋል።

ከመጋላ፦
አቦ፣ ከዚራና መጋላ አንድ ነው እንዴ? እኛ ጋ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያልፍበት መንገድ አለ። ባጃጁ አስፋልት ላይ ሲመላለስ ሌባው ጉራንጉር ውስጥ ሥራውን ይሠራል። ድምፁስ? ገና ከሩቅ ሲመጣ እኮ "መጣሁልህ፣ ተደበቅ" እያለ ነው። ሲያልፍ ይወጣል።

ሐሳቡን ያመጣው፦
ሰምቶ ከሸሸ ምን ቸገረን? እኛ የፈለግነው እንዳይሰርቅ ነው።

ከመጋላ፦
ከእናንተ ሸሽቶ እኛ ጋ ይመጣላ!

ባለ ባጃጅ፦
ስለ ባጃጅ ስታወሩ ባለቤቱንም ጠይቁት እንጂ። ፊት ያለው ጎማ አንድ ነው፣ ያውም ትንሽ። የበልግ የመጀመሪያው ዝናብ ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። በጋውን የተጠራቀመ አቧራና ዘይት ከውሃ ጋር ሲላቆጥ አስፋልቱ ሳሙና ይሆናል። ኩርባ ላይ ፍሬን ከያዝክ ተንሸራተትክ። ከኋላ ሦስት ሰው ጭነህ በፍጥነት ከዞርክ ደግሞ ትገለበጣለህ። የጎኑን ሸራ ካወረድከው ግራና ቀኝ አይታይም። ካላወረድከው ሮንዱ ይበሰብሳል። ታዲያ ምኑን ጠበቀ? ኩሬ ውስጥ ገብተህ ካንዴላው ውሃ ከነካውም እዚያው ነህ፣ ሌሊቱን ስትገፋ ታድራለህ። ታንከሩ የሚይዘው 8 ሊትር ገደማ ነው። ሌሊቱን ሙሉ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ ከዞርክበት፣ ጠዋት ሥራ ልትወጣ ስትል ቤንዚን የለም። እኔ ማደያ ተሰልፌ ልዋል?

ሮንዱ፦
ዝም ልል ነበር፣ ስማችን ተነሳ። አዎ፣ ሲዘንብ እንጠለላለን። ቀጭን ጃኬትና ነጠላ ጫማ አድርጎ ማን ዝናብ ውስጥ ያድራል? የዝናብ ልብስ፣ ቦት ጫማና ደህና ባትሪ ግዙልን። ለባጃጅ ኪራይ ከምታወጡት ያነሰ ነው። ከዚያ በኋላ ከተጠለልን ውቀሱን።

የሦስት ልጆች እናት፦
ወንዶቹ የምታወሩት ስለ ሌባ ብቻ ነው። ልጄ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ አስሙ ተነስቶበት ድል ጮራ ሆስፒታል ለመውሰድ ስደውል የሾፌሮቹ ስልክ ሁሉ ዝግ ነበር። በዚያ ላይ ዶፍ ነው የሚወርደው። አንድ ባጃጅ ከሮንዶቹ ጋር ሰፈር ውስጥ ቆሞ ቢያድርልኝ እኔ ከድርሻዬ እጥፍ አዋጣለሁ። አይዙር! ይቁም።

ከደቻቱ ዳር፦
ልጆቼ፣ ይቺ እናት ያለችው ይሻላል። እኔም የምጨምረው አለኝ። ድሬ ላይ ጠብ ሳይል ደጋው ላይ፣ ደንገጎ በኩል ከጠቆረ ደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ይመጣል። ሐምሌ 29 ቀን 1998 ሌሊት ሰው በተኛበት ነው የተወሰደው። ከ200 በላይ ነፍስ አለቀ። ክረምት ላይ ነበር ትሉኛላችሁ። በልግም ጎርፍ ያመጣል፣ አይታችኋል። ያ የቆመ ባጃጅ ከደጋው ስልክ ሲደወል ክላክሱን እየነፋ ወንዙ ዳር ያለውን ሰው ይቀስቅስ። ያኔ ድምፁ ይፈለጋል።

ከመጋላ፦
አባባ ልክ ነዎት። እንደዚያ ከሆነ እኔም አዋጣለሁ። ግን ወንዙን እንዳያቋርጥ ይነገረው። አሸዋው ደረቅ ነው ብሎ የገባን መኪና ሁላችንም እናውቃለን።

ከሳቢያን፦
ፖሊስስ? ሌሊት መብራት አጥፍቶ የቆመ ባጃጅ ውስጥ ሁለት ሰው ተቀምጦ ቢገኝ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ ራሱ ነው። የታርጋው ቁጥርና የሾፌሩ ስም አስቀድሞ ለማኅበረሰብ አቀፍ ፖሊስ ይሰጥ። ኢንሹራንሱም ይጠየቅ። የተገባው ለታክሲ ሥራ ነው፤ ለዚህኛው መሥራት አለመሥራቱን በጽሑፍ እንወቅ።

ሐሳቡን ያመጣው፦
እሺ፣ የዙረቱን ነገር ትቻለሁ። የዝናብ ልብሱ በዚህ ወር ይገዛ። ባጃጁ አንድ ይሁን፣ ይቁም። ለበሽተኛና ለጎርፍ ብቻ ይነሳ። ሾፌሩን ለማስተኛት ግን ቁልፉ ሮንዶቹ ጋ ቢያድርስ?

ባለ ባጃጅ፦
ቁልፉ ከእኔ ኪስ አይወጣም። ሂሳቡን ከተስማማን እኔው ውስጡ እተኛለሁ።

ሮንዱ፦
ካንኮራፋህ ግን እናስነሳሃለን።